የናዝሬት ቦሎቄ በማን ስም ይሸጣል?

ስለ ኤክስፖርት ወሬ ሲነሳ ቡናና አበባ ይቀድማሉ። መካከለኛ ነጋዴ ዓለም ገበያ እንዴት እንደገባ ለማየት ግን እኔ የምመርጠው የናዝሬትን ነጭ ቦሎቄ ነው።

እንግሊዞች ቁርስ ላይ ከተጠበሰ ዳቦ ጋር የሚበሉት የጣሳ ምግብ አለ፤ በቲማቲም ስጎ የበሰለ ደቃቅ ነጭ ቦሎቄ። ይህ ቦሎቄ የስምጥ ሸለቆ መሬት ይስማማዋል፤ ዝናብ ቢያጥርም በሦስት ወር ገደማ ይደርሳል። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ናዝሬት አጠገብ የተቋቋመው የመልካሳ ምርምር ማዕከልም ሜክሲካን 142ን፣ ኋላም አዋሽ 1ንና አዋሽ መልካን ለገበሬው አደረሰ።

ከተማዋ ደግሞ የመንገድ ልጅ ናት፤ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የገባው የጅቡቲ ባቡር ያለፈው በእሷ በኩል ነው። አበባ ማቀዝቀዣና አውሮፕላን ይፈልጋል። ቦሎቄ ግን ደረቅ ነው፤ መጋዘን፣ ወንፊትና የጭነት መኪና ካለ ጉዞው ይጀመራል። ስለዚህ ብዙ ካፒታል የሌለው ነጋዴም ከቦሰት፣ ከመቂ፣ ከሻሸመኔ ሰብስቦ ወደ ወደብ መላክ ቻለ።

ብቻ የጣሳ ፋብሪካ ቀልድ አያውቅም። የተለያየ ፍሬ ከተቀላቀለ አንዱ ሲፈርስ ሌላው ጥሬ ይቀራል። አንዲት ጠጠር ከተገኘችማ ደንበኛው ሊሄድ ይችላል። ያቺን ጠጠር ሲለቅሙ የኖሩት በየመጋዘኑ መሬት ላይ የተቀመጡ ሴቶች ናቸው። “ዓለም አቀፍ ጥራት” የምንለው ነገር ናዝሬት ላይ መጀመሪያ የተሠራው በእነሱ ጣት ነው። በ1990ዎቹ መጨረሻ አኮስ የተባለው የጣሊያኖች ድርጅት ማበጠሪያ ማሽን ይዞ ከተማዋ ሲገባም፣ የመጣው ይህ ሙያ ወዳለበት ቦታ ነው።

በ2000 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ሥራ ጀመረ፤ ቆይቶ ቦሎቄም እዚያ ገባ። ገበሬውና ነጋዴው የዋጋ መረጃ አገኙ። በሌላ በኩል ግን ምርቱ በደረጃ ተመድቦ ስለሚቀላቀል፣ የማን ማሳ እንዳበቀለው ይጠፋል። አውሮፓ ሲደርስ ደግሞ ጣሳው ላይ የሚጻፈው የአብሳዩ ስም ነው።

እኔን የሚከነክነኝ ይሄ ነው። አዋሽን ተከትላችሁ ትንሽ ብትወርዱ መርቲ አለ፤ ስንቶቻችን በድልሁ ወጥ በልተን ያደግንበት። ቦሎቄው እዚህ፣ ቲማቲሙ እዚያ፣ ጣሳውም እዚያው። ሁለቱ አንድ ላይ በስሊ ጣሳ ሆነው፣ በራሳቸው ስም ባሕር ሲሻገሩ ግን አላየሁም። የናዝሬት ነጋዴ አውሮፓን ማሳመን ከቻለ ቆይቷል። የቀረው ማብሰሉ ነው።