የሐዲድ ዳር ወሬ
ከለገሃር እስከ ሴንት ፖል

ወደ ታሪኩ ከመግባቴ በፊት አንድ ያሳፈረኝን ነገር ላጫውታችሁ።

በሴንት ፖል ከተማ፣ ከሚሲሲፒ ወንዝ በላይ ባለው ገደል አፋፍ ላይ ኢንዲያን ማውንድስ የሚባል መናፈሻ አለ። የአገሩ ቀደምት ባለቤቶች ሙታናቸውን የቀበሩባቸው ጉብታዎች ያሉበት የተከበረ ስፍራ ነው። ከአፋፉ ቁልቁል ሲመለከቱ ወንዙ፣ የከተማው ሕንፃዎችና እርስ በርሳቸው የተጠላለፉ ብዙ የባቡር ሐዲዶች ይታያሉ። አንድ ቅዳሜ ልጆቼን ይዤ ሄጄ ሳለሁ ሁለት በዕድሜ የገፉ ፈረንጆች ታጣፊ ወንበራቸውን ዘርግተው፣ ቡናቸውን በፔርሙዝ ይዘው፣ ደብተር ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። ባቡር ባለፈ ቁጥር አንደኛው ሰዓቱን አይቶ የሎኮሞቲቩን ቁጥር ይጽፋል፤ ሁለተኛው ፉርጎዎቹን ይቆጥራል። ከዚያ ወሬያቸውን ይቀጥላሉ። «ዛሬ ዘገየ።» «ይኼኛው እህል የጫነ ነው።» «ያ ቀለም ድሮ የቀረ መስሎኝ ነበር።» ሌላ ጉዳይ የላቸውም።

ሰላምታ ተለዋወጥንና ከየት እንደ መጣሁ ጠየቁኝ። «ከኢትዮጵያ» ስል የአንደኛው ፊት በራ። «የጅቡቲው መስመር! የሐዲዱ ስፋት አንድ ሜትር ነበር አይደል? ርዝመቱስ ስንት ነው? አዲስ አበባ የገባውስ መቼ ነው?» ብሎ በጥያቄ አጣደፈኝ። እኔ በአገሬ ብዕር ይዤ እንጀራ የበላሁ ሰው፣ በልጅነቴም በዚያው ባቡር የተሳፈርኩ ሰው፣ «ከጅቡቲ አዲስ አበባ ነው የሚሄደው» ከማለት በቀር መልስ አጣሁ። ሰውየው በትሕትና ዝም አለ። እኔ ግን ወደ ቤቴ የተመለስኩት አንገቴን ደፍቼ ነው።

ባቡር ቆጣሪዎቹ

እነዚህን ሰዎች እዚህ አገር ሬይልፋን ይሏቸዋል፤ የባቡር ወዳጆች እንበላቸው። ካሜራ ይይዛሉ፤ አንዳንዶቹ ባቡር ነጂውና ተቆጣጣሪው የሚነጋገሩበትን ሬዲዮ ያዳምጣሉ። ሥራ ፈቶች ይመስላሉ። እኔም መጀመሪያ እንደዚያው መስሎኝ ነበር።

ነገር ግን የሥራቸውን ፍሬ ተመልከቱ። ሚኒያፖሊስና ሴንት ፖል በመቶዎች የሚቆጠሩ የከተማ የኤሌክትሪክ ባቡሮች ነበሯቸው። በ1954 አገልግሎቱ ሲቆም ብዙዎቹ ተቃጠሉ፣ ለቁራጭ ብረት ተሸጡ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ከተረፉት ጥቂቶች አንዱ፣ ቁጥሩ 1300 የሆነው፣ የዳነው እንደነዚህ ባሉ ሰዎች ነው። በ1962 ተሰባስበው ማኅበር አቋቋሙና አደሱት፤ ማኅበሩም የሚኒሶታ ትራንስፖርት ሙዚየም ሆነ። ያ ባቡር በሚኒያፖሊስ ሐሪየት ሐይቅ አጠገብ በበጎ ፈቃደኞች እጅ ሰው ሲያመላልስ ኖሯል። ነገሩ የተጀመረው ከወሬና ከደብተር ነው።

እኛስ? እኛ ባቡር ስናይ ደብተር አናወጣም። ደግሞም በፈለግነው ጊዜ ማውጣት አንችልም ነበር። በደርግ ዘመን ድልድይ ሥር ቆሞ የባቡር ቁጥር የሚጽፍ ሰው «የማን ሰላይ ነህ?» ተብሎ ወዴት እንደሚወሰድ ታላላቆቻችን ያውቁታል። ታሪካችን በወረቀት ላይ ሳይሆን በሰው አፍ ላይ የቀረበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

የጣቢያዎቹ ስም

ከዚያ ቅዳሜ በኋላ ጥያቄዎቹን ይዤ ዩኒቨርሲቲ አቬኑ ወዳለ አንድ ምግብ ቤታችን ሄድኩ። አንድ የድሬዳዋ ተወላጅ ሽማግሌ አገኘሁ። «ጋሼ፣ ስለ ባቡሩ ያጫውቱኝ» ብላቸው ስኒያቸውን አስቀመጡና «ከየት ልጀምርልህ?» አሉኝ። ከዚያም እንደ ዳዊት ደጋሚ ጣቢያዎቹን ወረዱት። ከድሬዳዋ ወደ ላይ ሁርሶ፣ ኤረር፣ አፍደም፣ ሚኤሶ፣ አሰቦት፣ አዋሽ፣ መተሃራ፣ ወለንጪቲ፣ ናዝሬት፣ ሞጆ፣ ደብረ ዘይት፣ ዱከም፣ አቃቂ፣ ለገሃር።

ከጎናችን ካለው ጠረጴዛ አንድ የኦሮሞ ሽማግሌ ዘወር ብለው «ሚኤሶ ነው የተወለድኩት» አሉ። ጥቂት ቆይተው አንድ ሱማሌ አባት ሻያቸውን ይዘው መጡና «ወደ ታች ያለውንስ ለምን ትተዋላችሁ?» ብለው ሽኒሌን፣ አዲጋላን፣ አይሻን፣ ደወሌን፣ አሊ ሳቢህን እስከ ጅቡቲ ቆጠሩት። ሦስቱ በየትኛው ጣቢያ ብርቱካን ይሸጥ እንደ ነበር፣ በየትኛው የተቀቀለ እንቁላል፣ የጫት ጭነቱ ስንት ሰዓት ወደ ጅቡቲ ይነሣ እንደ ነበር ሲከራከሩ ሁለት ሰዓት አለፈ። «አቦ፣ አንተ ያን ጊዜ ገና አልተወለድክም!» ይላሉ አንዱ፤ «ጣሪያው ላይ የተሳፈርኩት እኔ፣ የምትነግረኝ አንተ!» ይላሉ ሌላው።

አንባቢ ሆይ፣ በዚህ ከተማ የእነዚህ ሦስት አባቶች ማኅበረሰቦች በአንድ አዳራሽ ሲሰበሰቡ ብዙ ጊዜ አላየሁም። በአገር ፖለቲካ ቢጀምሩ ኖሮ ሻዩ ሳይቀዘቅዝ ይለያዩ ነበር። በሐዲዱ ጉዳይ ግን ተከራከሩ እንጂ አልተጣሉም፤ ሲለያዩም ስልክ ተለዋወጡ።

ሐዲዱ እንዴት መጣ

የአባቶችን ጨዋታ ከመጻሕፍት ጋር ሳስተያየው ታሪኩ ባጭሩ እንዲህ ነው።

አጼ ምኒልክ የባቡር መንገድ እንዲሠራ ፈቃድ የሰጡት በ1894 ለስዊዛዊው መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ ነው። ኢልግ ከፈረንሳዊው ነጋዴ ከሌዎን ሼፍኑ ጋር ሆኖ ኩባንያ አቋቋመ፤ ሥራውም በ1897 ከጅቡቲ ተጀመረ። መስመሩ በኢሳዎች ምድር ሲያልፍ ግጭት ተነሥቶ ሰው አልቋል። ሱማሌው አባት «ለእናንተ ሥልጣኔ ነበር፤ ለአያቶቼ ግን በግጦሻቸው መካከል ሳይጠየቁ የገባ ብረት ነበር» ያሉት ይህን ነው። ይህም ከታሪኩ መጉደል የለበትም።

የመጀመሪያው ሐሳብ ሐረር መግባት ነበር። ተራራውን ባቡር ማስወጣት ከባድና ውድ ስለሆነ ግን ሐዲዱ ከግርጌው ሜዳ ላይ ቀረ። ባቡር በ1902 መጨረሻ የደረሰበት ያ ሜዳ በመጀመሪያ «አዲስ ሐረር» ተባለ፤ እኛ የምናውቃት ድሬዳዋ ናት። የደቻቱ ወንዝ ለሁለት ከፍሏት፣ በአንድ ወገን ባቡሩ ያመጣው ቀጥ ያለ መንገድ ያለው ከዚራ፣ በሌላው ወገን መጋላ። ከተማዋን ባቡር ወለዳት ቢባል ማጋነን አይደለም።

ከዚያ የኩባንያው ገንዘብ አለቀ። የፈረንሳይ መንግሥት እጁን ቢያስገባ ምኒልክ ተቆጡ፤ እንግሊዝና ጣሊያንም «እኛስ?» አሉ። የንግድ መንገድ ተብሎ የተጀመረው ነገር የአገር መያዣ እንዳይሆን ንጉሡ ሠጉ፤ ሐዲዱም ድሬዳዋ ላይ ለዓመታት ቆመ። በ1908 አዲስ ኩባንያ ተቋቁሞ ሥራው ቀጠለና ባቡሩ አዋሽን ተሻግሮ አዲስ አበባ የደረሰው በ1917 ነው። ፈቃዱን የሰጡት ምኒልክ ግን በ1913 አርፈዋል። ጠቅላላው ርዝመት 784 ኪሎ ሜትር፣ የሐዲዱ ስፋት ልክ ፈረንጁ እንዳለው አንድ ሜትር ነው። የጣቢያው ትልቁ ሕንፃ የተመረቀው በ1929 ነው። ሰፈሩን «ለገሃር» ያሰኘው «ጣቢያው» ለማለት ፈረንሳዮቹ «ላ ጋር» ሲሉ ሰምቶ ሕዝቡ ቃሉን የራሱ ስላደረገው ነው።

በዚያ ዘመን ባቡሩ በሌሊት አይሄድም ነበር። ከጅቡቲ አዲስ አበባ ሦስት ቀን ይፈጃል፤ መንገደኛው አንድ ሌሊት ድሬዳዋ፣ አንድ ሌሊት አዋሽ ያድራል። ቀድሞ በግመልና በበቅሎ ብዙ ሳምንት ይፈጅ ለነበረው ጉዞ ይህ ተአምር ነበር። በየጣቢያው የሚያድረው፣ የሚበላው፣ የሚያወራው ሰው ነው እንግዲህ የዚያን አገር የገበያ ቋንቋ የቀላቀለው። አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ሱማልኛ፣ አፋርኛ፣ ዐረብኛ፣ በላዩም የሠራተኞቹ ፈረንሳይኛ።

ለእኛ ለስደተኞች ደግሞ ያ ሐዲድ ሌላም ትርጉም አለው። ግንቦት 2 ቀን 1936 ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከፋሽስት ጦር ፊት ወጥተው የተሰደዱት በዚሁ መስመር ነው። በደርግ ዘመን ወደ ጅቡቲ ከሸሹት ወጣቶች መካከልም በሌሊት ሐዲዱን መሪ አድርገው በእግራቸው የተጓዙ ነበሩ። የድሬዳዋው ሽማግሌ ሐዲዱን ተከትለው ከወጡት አንዱ መሆናቸውን የነገሩኝ ሒሳብ ከከፈልን በኋላ፣ ካፖርታቸውን ሲለብሱ ነው።

መከራውም ብዙ ነው። በ1977 በተጀመረው የሱማሌ ወረራ ድልድዮች ፈርሰው መስመሩ ተቋረጠ። በጥር 1985 ደግሞ አዋሽ አጠገብ ባቡር ከሐዲዱ ወጥቶ ገደል ገብቶ ከ400 በላይ ሰዎች አለቁ፤ በአፍሪካ ከደረሱት የባቡር አደጋዎች ከከፉት አንዱ ነው። ከዚያ በኋላ አሮጌው መስመር እያረጀ፣ እየተቆራረጠ ሄደ። በአዲስ አበባና በድሬዳዋ መካከል የነበረው አገልግሎት በ2000ዎቹ ማለቂያ ላይ ቀረ። በ2016 በኤሌክትሪክ የሚሄደው አዲሱ የአዲስ አበባ–ጅቡቲ ባቡር ተመረቀ። የአዲሱ ሐዲድ ስፋት በሴንት ፖል ከሚያልፈው ጋር አንድ ነው፤ 1435 ሚሊ ሜትር። መነሻው ግን ለገሃር አይደለም፤ ከከተማው ዳር ለቡ ነው።

የጎረቤቶቻችን ትምህርት

ሚኒያፖሊስ ውስጥ ሚሲሲፒን የሚሻገረው ባለ ቅስቱ የድንጋይ ድልድይ የተሠራው በ1883፣ አዲስ አበባ ከመቆርቆሯ በፊት ነው። ያሠራው የባቡር ባለሀብቱ ጄምስ ሂል የግሬት ኖርዘርን ሐዲዱን ሲያትል ያደረሰው በ1893፣ ምኒልክ ፈቃዱን ከመስጠታቸው ከአንድ ዓመት በፊት ነው። ከቺካጎ ሲያትል የሚሄደው ኢምፓየር ቢልደር ባቡርም ስሙን ያገኘው ከእርሱ ቅጽል ስም ነው። የሂልን ቤት ሰመት አቬኑ ላይ ሄዶ ማየት ይቻላል። የባለሀብት ታሪክ መቼም ጠባቂ አያጣም።

የሠራተኛው ታሪክ ግን ጠባቂ ይፈልጋል። በሴንት ፖል ሮንዶ የሚባለው የጥቁር አሜሪካውያን ሰፈር ብዙ አባወራዎች የሚተዳደሩት በባቡር ሥራ ነበር፤ ሻንጣ ተሸካሚ፣ የመኝታ ፉርጎ አስተናጋጅ፣ ምግብ አቅራቢ። ታላቁ ፎቶግራፍ አንሺ ጎርደን ፓርክስ በወጣትነቱ ኖርዝ ኮስት ሊሚትድ በሚባለው ባቡር ላይ አስተናጋጅ ነበር። ተሳፋሪ ትቶት በሄደ መጽሔት ላይ የድሆች ገበሬዎችን ፎቶግራፍ አይቶ ነው ካሜራ ለመግዛት የተነሣው። ሰፈሩን በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ አውራ ጎዳናው አፈረሰው። የሮንዶ ልጆች ግን ዝም አላሉም፤ ከ1983 ጀምሮ የሮንዶ ቀን እያሉ መሰባሰብ ጀመሩ፤ የአባቶቻቸውን ታሪክ እየጠየቁ ጻፉ። ቤቱ ቢፈርስም ወሬው ተረፈ።

የእኛ ተራ

«የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ» ይባላል። የድሬዳዋን የጥገና ሠራተኛ፣ የአዋሽን ትኬት ቆራጭ፣ የሚኤሶን እንቁላል ሻጭ ታሪክ ፈረንጁ ደብተሩን ይዞ መጥቶ አይጽፍልንም። እርሱ የሚያውቀው የሐዲዱን ስፋት ነው። ጣሪያው ላይ ማን ከማን ጋር እንደ ተቀመጠ የሚያውቁት በየምግብ ቤታችን ጥግ የሚቀመጡት አባቶችና እናቶች ናቸው። እነርሱም በየዓመቱ እየቀነሱ ነው። ባለፈው ክረምት ከቀበርናቸው አንዱ ዕድሜያቸውን በባቡር ያሳለፉ ሰው መሆናቸውን የሰማሁት የሕይወት ታሪካቸው ቤተ ክርስቲያን ሲነበብ ነው። «በምድር ባቡር አገልግለዋል» የሚል አንድ መስመር ብቻ። ስንት ዓመት፣ በየትኛው ጣቢያ፣ በምን ሥራ? የሚመልስ አልነበረም፤ ልጆቻቸውም አያውቁም።

ስለዚህ አደራ የምላችሁ ቀላል ነገር ነው። ከእናንተ መካከል አባቱ፣ አጎቱ፣ አያቱ ወይም ጎረቤቱ በዚያ መስመር የሠራ፣ የነገደ ወይም የተሰደደ ሰው ካለ፣ አንድ ደብተር ገዝቶ አጠገባቸው ይቀመጥ። ትልልቁን ነገር አትጠይቁ። የትኛው ጣቢያ? ባቡሩ ስንት ሰዓት ይገባ ነበር? ምን ይሸጥ ነበር? ማን ያሳፍራችሁ ነበር? ብላችሁ ጀምሩ፤ ትልቁ ነገር ራሱ ይከተላል። ኦሮምኛ ወይም ሱማልኛ የሚናገሩ ጎረቤቶች ካሏችሁም ሄዳችሁ ጠይቋቸው፤ የመስመሩ ግማሽ ያለው እነርሱ ዘንድ ነው። የተጻፈውን ለዚህ ጋዜጣ ብትልኩልን በደስታ እናወጣዋለን።

እኔ በበኩሌ ባለፈው እሑድ ወደ መናፈሻው ተመለስኩ። ሁለቱ ፈረንጆች እዚያው ናቸው። የጠየቁኝን ሁሉ መለስኩላቸው፤ አንደኛው 784 ብሎ ደብተሩ ላይ ጻፈ። ከዚያ የድሬዳዋው ሽማግሌ የነገሩኝን የኤረር ብርቱካን አነሣሁላቸውና ወሬው ረዘመ፤ ሁለት ባቡር ሳይቆጠር አለፈ።

ቸር ወሬ ያሰማን።