የተለያየ ዘር ፍቅር በክላሲክ ሆሊውድ ፊልሞች

በአሜሪካ ፊልሞች ውስጥ የነጭና የጥቁር ዘር የፆታ ግንኙነትን ማሳየት ከ1930 እስከ 1956 እ.ኤ.አ. በደንብ የተከለከለ ነበር። ክልከላው የሚገኘው በተለምዶ «የሄይስ ደንብ» በሚባለው የፊልም ሠሪዎች የራስ ሳንሱር ውስጥ ነው። ይህ ክልከላ የፍቅር ድራማዎችን ታሪክ ብቻ ሳይሆን፣ ማን አፍቃሪ ሆኖ መተወን እንደሚችልም ይወስን ነበር። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ደንቡ

ደንቡ ስሙን ያገኘው የፊልም አምራቾችና አከፋፋዮች ማኅበር ፕሬዚዳንት ከነበረው ከዊል ሄይስ ነው። በ1930 ጸደቀ፤ በጥብቅ ሥራ ላይ የዋለው ግን ከ1934 ጀምሮ ነው። ከዚያ በኋላ ትልልቆቹ ስቱዲዮዎች በጆሴፍ ብሪን ከሚመራው ቢሮ ፈቃድ ያላገኘ ፊልም አያሳዩም ነበር። የክልከላው ቃል ነጭና ጥቁርን ብቻ ቢጠቅስም፣ በተግባር የእስያ ዝርያ ያላቸውን ተዋናዮችም ይነካ ነበር። በዚያ ዘመን በብዙ የአሜሪካ ግዛቶች የተለያየ ዘር ጋብቻ በሕግ የተከለከለ ነበር።

አና ሜይ ዎንግ

አና ሜይ ዎንግ በ1905 በሎስ አንጀለስ ከቻይና ዝርያ ቤተሰብ ተወለደች። በ1922 «ዘ ቶል ኦፍ ዘ ሲ» በተባለው ባለ ቀለም ፊልም ነጭ አሜሪካዊ የምታፈቅር ቻይናዊት ሆና በመሪነት ተወነች፤ ፍቅሩ በሐዘን ያበቃል። በ1937 የወጣው «ዘ ጉድ ኧርዝ» የቻይና ገበሬዎች ታሪክ ሲሆን፣ ዎንግ የገበሬውን ሚስት የኦላንን ገጸ ባሕርይ መጫወት ትመኝ ነበር። ይሁን እንጂ ባልየው ለነጩ ተዋናይ ለፖል ሙኒ፣ ሚስቲቱም ከአውሮፓ ለመጣችው ለሉዊዝ ራይነር ተሰጡ። ሁለቱም በሜካፕ ቻይናዊ መስለው ቀረቡ። ራይነር በዚህ ሥራዋ የኦስካር ሽልማት አገኘች።

ጥቁር ገጸ ባሕርይ፣ ነጭ ተዋናይ

«ኢሚቴሽን ኦፍ ላይፍ» በ1934 ሲሠራ፣ ነጭ መስላ የምትኖረውን ጥቁር ልጅ የተጫወተችው ራሷ ጥቁር የነበረችው ፍሬዲ ዋሽንግተን ናት። የብሪን ቢሮ ይህ ታሪክ የዘር መቀላቀልን ያመለክታል ሲል ተቃውሞ አሰምቶ ነበር። በ1949 በወጣው «ፒንኪ» ደግሞ ነጭ ሐኪም የምታፈቅረው ጥቁር ነርስ በነጯ ተዋናይት በጂን ክሬን ተተወነች። በታሪኩ ውስጥ ፍቅሩ የጥቁርና የነጭ ነው፤ በካሜራው ፊት የተቃቀፉት ግን ሁለት ነጮች ነበሩ። እንዲያም ሆኖ በቴክሳስ የማርሻል ከተማ ፊልሙን ከለከለች። ጉዳዩ እስከ አሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ፣ ፊልሙን ባሳየው ሰው ላይ የተላለፈው ቅጣት በ1952 ተሻረ።

የክልከላው ማብቂያ

አንቀጹ በ1956 ከደንቡ ወጣ። ሆኖም ልማዱ ወዲያው አልጠፋም፦ በ1957 «አይላንድ ኢን ዘ ሰን» ላይ የሃሪ ቤላፎንቴና የጆአን ፎንቴይን ገጸ ባሕርያት ቢዋደዱም አይሳሳሙም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የተለያየ ዘር ጋብቻን የሚከለክሉ ሕጎችን የሻረው በሰኔ 1967 ነው፤ ሲድኒ ፖይቲየር የነጭ ሴት እጮኛ ሆኖ የተወነበት «ጌስ ሁዝ ካሚንግ ቱ ዲነር» የወጣውም በዚያው ዓመት መጨረሻ ነው። በ1968 የሄይስ ደንብ በዕድሜ ደረጃ ምደባ ተተካ። አና ሜይ ዎንግ ግን ይህን ሳታይ በ1961 አርፋለች።