የቡሄ እንቁላል፣ የመስቀል አበባ፦ በደቡብ ጎንደር ደጋ የአበባ ወቅትና የአበባ ጎብኚዎች መገጣጠም

በመስቀል ሰሞን ከደብረ ታቦር ተነስቶ ወደ ፎገራ ሜዳ ለሚወርድ መንገደኛ ግራና ቀኙ ቢጫ ነው። አደይ አበባው በድንበሩና በገደሉ አፋፍ፣ ሜጩ በማሳው ዳር፣ ዝቅ ሲል ደግሞ መፍካት የጀመረው ኑግ። ለዓይን ጥጋብ ነው። ዕፅዋትን ለሚያጠና ሰው ግን ገና ጥያቄ ነው፤ ያበበ ሁሉ አያፈራምና። አበባው ስንት ቀን ክፍት ሆኖ ቆየ? በእነዚያ ቀናት ማን ጎበኘው? የጎበኘውስ ከየትኛው ተክል የአበባ ዱቄት ይዞ መጣ? እነዚህ ሳይመለሱ የቢጫው ብዛት ስለ ዘሩ ብዛት የሚነግረን ጥቂት ነው።

ይህ መጣጥፍ የሚከራከረው በዚህ ደጋ የመስከረምና የጥቅምት አበባ ዕጣ በአብዛኛው የሚቆረጠው በነሐሴ ነው ብሎ ነው። ለዚህ ኑግን ዋና ምስክር አደርጋለሁ፤ የጉና ተራራን ጅብራ ደግሞ ተቃራኒ ምስክር።

አንዲት የኑግ አበባ አንድ አበባ አይደለችም። ዙሪያዋን ስምንት ገደማ ቢጫ ቅጠል ያወጡ ሴቴ አበቦች ከበዋት፣ መሃሏ ላይ ወንዴም ሴቴም የሆኑ በርካታ ደቃቅ አበቦች ተሰብስበው የተቀመጡባት ማኅበር ናት። የመሃሎቹ ከዳር ወደ መሃል ተራ ይዘው ይፈካሉ። በእያንዳንዷ ደቃቅ አበባ መጀመሪያ የሚበስለው የወንዴው ወገን ነው። የሴቴዋ ዘንግ እያደገች ስትወጣ፣ የጠርሙስ ማጠቢያ ብሩሽ ጠርሙሱን እንደሚጠርግ፣ ዱቄቱን ከቱቦው ጠርጋ ወደ ላይ ታወጣዋለች። ጫፏ ለሁለት ተሰንጥቆ ዱቄት ለመቀበል የሚዘጋጀው ከዚያ በኋላ ነው። ጤዛው ሲደርቅ ማሳው ዳር ተቀምጦ በእጅ ማጉያ ለሚመለከት ሰው፣ በአንዲት ራስ ላይ ገና ያልተከፈቱት፣ ዱቄት የተሸከሙትና አፋቸውን የከፈቱት በክብ በክብ ተደርድረው አንድ ላይ ይታያሉ።

ይህ ሁሉ ድርድር ግን በአንድ ተክል ውስጥ ዘር አያስገኝም። ኑግ የራሱን ዱቄት አይቀበልም፤ የዱቄት ማረፊያው የራሱን ወገን ለይቶ ያውቃል፣ እንዲበቅልም አይፈቅድለትም። ስለዚህ እያንዳንዷ ፍሬ የጉዞ ውጤት ናት። አንድ ነፍሳት ከሌላ ተክል ተነስቶ፣ ሰውነቱ ላይ ዱቄት ተሸክሞ፣ በትክክለኛው ሰዓት እዚህች አበባ ላይ ማረፍ አለበት። ጤፍ ይህ ችግር የለበትም፤ ራሱን በራሱ ያዳቅላል። ባቄላም በከፊል ራሱን ይችላል፤ ንብ ስትጨመርለት ግን ያሻሽላል። ኑግ መውጫ የለውም።

የሚያብብበትን ጊዜም ኑግ እንደ ልቡ አይመርጥም። የአጭር ቀን ተክል ነው፤ አበባ እንዲያወጣ የሚያዘው የቀኑ ማጠር ነው። ደብረ ታቦር ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 12 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለምትገኝ በዓመቱ ረጅሙና አጭሩ ቀን መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሰዓት ተኩል እንኳ አይሞላም። ለአውሮፓ ተክል ይህ ልዩነት ከቁጥር የሚገባ አይደለም፤ ኑጉ ግን ይቆጥረዋል። በሰኔ መጨረሻ የተዘራውና ዝናብ ዘግይቶበት በሐምሌ አጋማሽ የተዘራው በዘር ጊዜ የሚለያዩትን ያህል በአበባ ጊዜ አይለያዩም። ዘግይቶ የተዘራው ቁመቱን ሳይጨርስ፣ ቅርንጫፉ ሳይበዛ ወደ አበባ ይገባል። ተክሉ ቀጠሮውን ከፀሐይ ጋር ይዟል ማለት ነው።

ንቧ ግን ቀጠሮ የያዘችው ከፀሐይ ጋር አይደለም። የእሷን ጊዜ የሚወስነው ቀፎው ውስጥ ያለው ምግብ ነው። የኢትዮጵያ ደጋ የማር ንብ ከሌሎች የአፍሪካ ንቦች ጋር ስትነጻጸር የራሷ መልክ ያላት ሆና በመገኘቷ እ.ኤ.አ. በ2011 ከሰሜን ተራሮች የተወሰደ ሳይንሳዊ ስም፣ ሲመንሲስ፣ ተሰጥቷታል። የሠራተኛ ንብ ዕድገት ግን ከቦታ ቦታ ብዙ አይለያይም። ከእንቁላል እስከ ሙሉ ንብ 21 ቀን ገደማ ይፈጃል። የተፈለፈለችውም ወዲያው ወደ አበባ አትወጣም፤ ቀፎ ታጸዳለች፣ እጭ ትመግባለች፣ ሰፈፍ ትሠራለች። ለቅሰማ የምትወጣው ሌላ ሦስት ሳምንት ገደማ ቆይታ ነው። በድምሩ ስድስት ሳምንት ያህል።

እንግዲህ ወደ ኋላ እንቁጠር። መስከረም 17፣ በመስቀል ቀን፣ አበባ ላይ የምናገኛት ቀሳሚ ንብ እንቁላል የነበረችው ነሐሴ 10 ግድም ነው። ቡሄ ነሐሴ 13 ነው፤ ከተማዋም በዓሉም ደብረ ታቦር ይባላሉ። ልጆች ሆያ ሆዬ እያሉ ሙልሙል በሚሰበስቡበት ሳምንት፣ ዝናቡ ሳያባራ፣ ንግሥቲቱ የጣለችው እንቁላል ነው የመስከረምን አበባ የሚጎበኘው። (አርሶ አደሩ ከጥንት ጀምሮ አውራ እያለ በወንድ ጾታ ይጠራታል፤ እንቁላል መጣሏ ሲነገረው ፈገግ የሚል ሽማግሌ ዛሬም አይጠፋም።) ንግሥቲቱ ደግሞ የምትጥለው ምግብ ሲገባ ነው። የአበባ ዱቄት ካልገባ እጭ የሚመገበው የለም፤ እንቁላሉም ይቀንሳል።

በነሐሴ በደጋው ምን ያብባል? በረግረጉና በግጦሹ ላይ ማገጥ አለ፤ በማሳው ባቄላ አለ፤ በእህሉ መካከል ደግሞ ገበሬው አረም የሚላቸው ብዙ ትንንሽ አበቦች አሉ። ራይንሃርድ ፊሽትልና አድማሱ አዲ እ.ኤ.አ. በ1994 ስለ ኢትዮጵያ የንብ ዕፅዋት ያሳተሙት መጽሐፍ ንብ ከምትቀስማቸው መካከል እንዲህ ያሉ አረሞችን በርካታ አድርጎ መመዝገቡ በአጋጣሚ አይደለም። ማገጥ ቁመቷ ከቁርጭምጭሚት ብዙ የማያልፍ ትንሽ ተክል ናት፤ ስለ እሷ የሚከራከር የለም። ግጦሹ ሲታረስ ማገጧ ትሄዳለች። ጤፍና ስንዴ ላይ ቱ-ፎር-ዲ የተባለው የአረም መድኃኒት ሲረጭ ሰፋፊ ቅጠል ያላቸው አረሞች፣ ሜጭ ሳይቀር፣ በአንድ ሳምንት ይጠወልጋሉ። ግጦሹ ወደ ባሕር ዛፍ ሲቀየር ደግሞ፣ ባሕር ዛፍ ራሱ ለንብ መልካም ምግብ ቢሆንም፣ ጥላው ሥር ማገጥ አታብብም። ከእነዚህ ለውጦች አንዱም ኑጉን አልነካውም። ኑጉ በሰዓቱ ያብባል፤ ጎብኚው ግን ስድስት ሳምንት ቀደም ብሎ ቀንሷል።

የዓለም ሥነ ጽሑፍ ስለ ጊዜ አለመገጣጠም ሲናገር ብዙ ጊዜ የሚጠቅሰው የቀዝቃዛውን ክፍለ ዓለም ነው። የጃፓኑ ጋኩ ኩዶና ባልደረቦቹ በሆካይዶ እንዳሳዩት በረዶው ቀድሞ በቀለጠበት ዓመት ኮሪዳሊስ የተባለችው የጸደይ አበባ የትልልቆቹ ባምብል ንቦች ንግሥቶች ከመሬት ሳይወጡ ታብባለች፤ ዘሯም ይቀንሳል። እዚያ ሁለቱ ወገኖች የሚተላለፉት በቀናት ነው። እዚህ ደጋ ላይ በቀን መቁጠሪያ ላይ መተላለፍ ላይኖር ይችላል። ንቧም አበባውም መስከረም ላይ አሉ፤ የጎደለው ቁጥር ነው። በእኔ ግምት ይህ የቁጥር ጉድለት ከቀን መተላለፉ ይልቅ ለመታየት ያስቸግራል፤ ማሳው ላይ ንብ መኖሯን አይቶ በቂ ነው ማለት ቀላል ነውና።

ጉድለቱን የሚያብሰው ደግሞ የአበባው መጨናነቅ ነው። ክረምቱ ሲወጣ አደይ፣ ሜጭ፣ ኑግና ዋንዛ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ተከታትለው ያብባሉ። ለንብ አናቢው ይህ የዓመቱ ምርጥ ጊዜ ነው፤ በጥቅምትና በኅዳር የሚቆረጠው ማር የዚህ ጎርፍ ውጤት ነው። ለእያንዳንዱ ተክል ግን ጎርፉ ሽሚያ ነው። ማርቲን በርድ እ.ኤ.አ. በ1994 የተለያዩ ጥናቶችን አሰባስቦ ሲመረምር ከ258 የዕፅዋት ዝርያዎች 62 በመቶው ቢያንስ በአንድ ወቅት ወይም ቦታ የአበባ ዱቄት እጥረት ታይቶባቸዋል። ኑግን የመሰለ ራሱን የማይቀበል ተክል ከዚህ ዕጣ በቀላሉ የሚያመልጥ አይደለም።

ከቀፎ ንብ ውጭ ያሉት ጎብኚዎች የሚኖሩት በአብዛኛው በቤተ ክርስቲያን ደን ውስጥና በአካባቢው ነው። ዓለማየሁ ዋሴ በደቡብ ጎንደር 28 የቤተ ክርስቲያን ደኖችን ከባልደረቦቹ ጋር አጥንቶ 168 የእንጨት ዕፅዋት ዝርያዎችን መዝግቧል። ዞኑ ውስጥ ያሉት ደኖች ከሺህ በላይ ናቸው፤ አብዛኞቹ ግን ጥቂት ሄክታር ናቸው። ከሩቅ ሲታዩ በታረሰው ሜዳ ላይ እንደ ደሴት ተበትነዋል። በጣሊያን ዘመን የተነሱ የአየር ፎቶዎች ከዛሬው ጋር ሲነጻጸሩ የሚገርመው ደኖቹ በቦታቸው መቆየታቸው ነው። የጠፋው በዙሪያቸው የነበረው ቁጥቋጦ ነው። ለነፍሳት ይህ ቀላል ኪሳራ አይደለም፤ ብዙዎቹ ብቸኛ ንቦች ጎጆ የሚሠሩት በደረቀ ግንድና በጠርዝ መሬት ነው። ጣዝማም አለች። ከመሬት በታች የምትኖር፣ የማትናደፍ፣ ማሯ ለመድኃኒት የሚፈለግ ትንሽ ንብ ናት። ማሯን ለማግኘት ጎጆዋ ይቆፈራል፤ ተቆፍሮ ማሩ ከወጣ በኋላ ጎጆው ብዙ ጊዜ አይተርፍም።

ወደ ተቃራኒው ምስክር፣ ወደ ጅብራ፣ ጉና ላይ ሲወጣ ታሪኩ ይለወጣል። ተራራው ከ4,100 ሜትር በላይ ነው፤ ርብና ጉማራ የሚነሱትም ከዚሁ ነው። ማር ንብ ከ10 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች እምብዛም አትበርም፤ እዚያ ደግሞ ብዙ ጠዋቶች ከዚያ በታች ናቸው። በሌሎች አህጉራት ተራሮች ይህን የብርድ ሥራ የሚሠሩት ፀጉራሞቹ ባምብል ንቦች ናቸው። ከሰሃራ በታች ባለው አፍሪካ አገር በቀል ባምብል ንብ የለም። ክፍቱን ቦታ የያዙት ዝንቦችና ወለላ መጣጭ ወፎች ናቸው፤ ከእነዚህ አንዷ በሳይንስ ስሟ የተከዜን ወንዝ ስም የተሸከመች ናት።

ጅብራ ለዓመታት ቅጠሏን እንደ ጽጌረዳ ዘርግታ ታድጋለች፤ ከዚያ አንድ ጊዜ ከሰው ቁመት የሚበልጥ የአበባ ምሰሶ አቁማ፣ አፍርታ ትሞታለች። አበቦቿ ከታች ወደ ላይ ይፈካሉ። እዚህም ቀድሞ የሚበስለው የወንዴው ወገን ስለሆነ ከታች ያሉት ሴቴ በሆኑበት ቀን ከላይ ያሉት ገና ወንዴ ናቸው። ኑግ የዘንድሮ ዕድሉ ቢበላሽ የገበሬው ጎተራ ውስጥ የከርሞ ዘር አለው። ጅብራ ከርሞ የላትም። የዕድሜዋ ሙሉ ቁጠባ በአንድ ምሰሶ ላይ የወጣ ነው፤ በዚያው ሰሞን በአቅራቢያዋ ያበበች ሌላ ጅብራ ከሌለች ወለላ መጣጩ ወፍም ለአንድ ምሰሶ ብሎ ተራራ አይመላለስም። ስለዚህ የጎረቤት ጅብራ ከማበቧ በፊት ለማገዶ ወይም ለገብስ ማሳ ስትቆረጥ የሚጎዳው የተቆረጠችው ብቻ አይደለም። ትሩማን ያንግ በኬንያ ተራራ ላይ አንዴ ብቻ የምታብበውን የጅብራ ዘመድ ሲያጠና ምሰሶው በተለቀ ቁጥር በየፍሬው ያለው ዘር እንደሚበዛ አግኝቷል። ወፉን የሚጠራው ትልቁ ምልክት ነው።

ስለ ኮሶ አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ዛፉ ወንዴና ሴቴ ተለያይቶ የሚቆም ሲሆን የአበባውን ዱቄት በዋናነት የሚያደርሰው ነፋስ ነው፤ በንብ እጥረት አይከሰስም። ለትል መድኃኒት ተፈላጊው ግን ቀላ ያለው የሴቴው አበባ ነው። ሰዎች የሚለቅሙት እናቶቹን ነው።

ወደ ኑጉ ስንመለስ፣ የነሐሴው ክርክር በፋርጣና በፎገራ ማሳዎች በቀላሉ ሊፈተን ይችላል። በአንድ ማሳ ውስጥ የተወሰኑ ራሶች በስስ ሻሽ ይሸፈኑ፤ የተወሰኑት ክፍት ይተዉ፤ ሌሎቹ ደግሞ ከሌላ ተክል በእጅ ዱቄት ይጨመርላቸው። በእጅ የተጨመረላቸው ከክፍቶቹ የበለጠ ካፈሩ ጎብኚ ጎድሏል ማለት ነው። ፈተናው ማገጥ በተረፈበት ግጦሽ አጠገብና ግጦሹ ከታረሰበት አካባቢ ጎን ለጎን ቢካሄድ ነሐሴ ያለው ድርሻ ይታያል። ኑግ ከብት ስለማይበላው ለሌላ ሰብል አጥር ተብሎም በማሳ ዳር ይዘራልና ቦታ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም።

ይህ እስኪሆን ድረስ ጉድለቱ ሳይቆጠር ያልፋል። ያልተዳቀለች የኑግ ፍሬ እንደ ሙሉዋ ጥቁርና ሙሉ አይደለችም፤ ቀጭን፣ የገረጣች፣ ውስጧ ባዶ ናት። በኅዳር አውድማ ላይ ኑጉ ተወቅቶ ወደ ላይ ሲበተን ሙሉዋ ከእግር ሥር ትወድቃለች፤ ባዶዋ ከገለባው ጋር ወደ ነፋሱ አቅጣጫ ትሄዳለች። ገበሬው የቀረውን ይሰፍርና አነሰ ብሎ ዝናቡን ያማል።