የጠገራ ብር ገጽና እንከኑ፤ ስለ ገበያ መርማሪና ስለ ገንዘብ ሰብሳቢ

በብር ገንዘብ ላይ እንከን የሚባለው ምን እንደ ሆነ የሚወስነው የመርማሪው ጉዳይ ነው። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ናዝሬት ትባል ከነበረችው ከአዳማ ወደ አሰላ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው በደራ፥ በሌሎቹም የስምጥ ሸለቆ ገበያዎች፥ እህልና ከብት የሚሸጠው ሰው እንደ ሌላው የኢትዮጵያ ክፍል ሁሉ ጠገራ ብር የሚቀበለው አገላብጦ ካየው በኋላ ነበር። ይህን ምርመራ አንዳንድ የ19ኛው መቶ ዓመት የውጭ አገር መንገደኞች እንደ ግትርነት ቈጥረው ጽፈውታል። በእኛ አስተያየት ግን የራሱ ሥርዐት ያለው ዕውቀት ነበር።

ጠገራ ብር የኦስትሪያዋ ንግሥት የማሪያ ቴሬዛ ታለር ነው። ንግሥቲቱ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1780 ሞተች፤ ገንዘቡ ግን በማናቸውም ዓመት ቢመታ ይህ ቍጥር አይለወጥበትም። ክብደቱ 28.07 ግራም ያህል፥ ከ1000 እጁም 833ቱ ንጹሕ ብር ነው። ተቀባዩ በመጀመሪያ የሚመለከተው የንግሥቲቱን የራስ ጌጥ ዕንቍዎች፥ ቀጥሎም በትከሻዋ ላይ ያለውን ባለ ዘጠኝ ዕንቍ የመጐናጸፊያ ማያያዣ፥ በመጨረሻም ከምስሉ በታች የተጻፉትን «ኤስ» እና «ኤፍ» የተባሉ ሁለት የላቲን ፊደላት ነበር። ዕንቍዎቹ ተፍቀው የማይቈጠሩ ከሆነ ገንዘቡ ይመለሳል፤ ወይም በዝቅተኛ ዋጋ ይወሰዳል።

ይህም ያለ ምክንያት አልነበረም። ጠገራው ገንዘብ ብቻ ሳይሆን የሚዛን ድንጋይም ነበር፤ ወርቅና ዝባድ የሚመዘንበት ወቄት ከአንድ ጠገራ ክብደት ጋር የተስማማ ነበርና። ስለዚህ የተፋቀ ጠገራ የጐደለ ሚዛን ነው። በጠርዙ ዙሪያ «በፍትሕና በምሕረት» የሚል ትርጕም ያለው ጽሕፈት በጕልሕ መቀረጹም ጠርዙን ሸርፎ ብር የሚሰርቅ ሰው እንዲጋለጥ ያደርጋል። አሞሌ ጨውም በዚሁ ዐይን ይታይ እንደ ነበር ልብ ይሏል፤ የተሰበረ ወይም የተሸረፈ አሞሌ ዋጋው ይወርዳል፥ ከመሰበርም ለማዳን ይታሰር ነበር።

የዚህ ልማድ ጥንካሬ የታወቀው ሌሎች ገንዘቦች በመጡ ጊዜ ነው። ኢጣልያ በ1890 ለኤርትራ ያስመታችው የንጉሥ ኡምቤርቶ ታለሮ በገበያ ሳይለመድ ቀረ። በ1918 ያወጣችውም ምንም እንኳ የሴት ምስል ቢይዝ፥ ሴቲቱ ሌላ ናትና ዕድሉ ከፊተኛው አልተሻለም። ዳግማዊ ምኒልክ በ1887 ዓ.ም. (በፈረንጆች 1894) በፓሪስ ያስመቱት ብር በጥራትም በክብደትም ከጠገራው የማያንስ ሆኖ ሳለ እርሱን ሊተካው አልቻለም። በ1935 ኢጣልያ ማኅተሙን ከቪየና ወስዳ በሮማ ስታስመታ፥ በ1936ም ለንደን ስትከተል፥ ኋላም ሌሎች ከተሞች ሲጨመሩ፥ ሁሉም 1780 የሚለውን ዓመት እንደ ያዙ መቱ። ዛሬ የገንዘብ ታሪክ ሊቃውንት የሮማውን ከለንደኑ ለመለየት ዕንቍዎቹንና በጀርባው ያለውን የንስር ላባ ይመረምራሉ። ዘዴው የገበያው ሰው ዘዴ ነው፤ ሊቃውንቱ ግን ይህን ሲያነሡ እምብዛም አይሰማም።

የሰብሳቢው ሚዛን ሌላ ነው። ፈረንጆች «ፕሩፍ» የሚሉት በተወለወለ ማኅተም፥ በተለየ ጥንቃቄ፥ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ በላይ ተመትቶ የሚወጣውን ገንዘብ ነው፤ ሜዳው እንደ መስተዋት ያበራል፥ ምስሉ ደግሞ እንደ ውርጭ ይነጣል። ቃሉ የአሠራር ስም እንጂ የደረጃ ስም አይደለም፤ ደረጃው የሚለካው በ1949 አሜሪካዊው ዊልያም ሼልደን ባወጣው፥ ኋላም በተሻሻለው፥ ከ1 እስከ 70 በሚደርስ መለኪያ ነው። በጨርቅ ከመጠረግ የመጣ ከጠጕር የቀጠነ ጭረት፥ የጣት ምልክት፥ በብር ላይ የሚወጣ ነጭ ነጠብጣብ ደረጃውን ይቀንሱታል። አገራችንም ለሰብሳቢዎች እንዲህ ያለ ገንዘብ አስመትታለች፤ በ1958 ዓ.ም. ከ10 እስከ 200 ብር የሚደርሱ የወርቅ ገንዘቦች፥ በ1964 ዓ.ም. ደግሞ የነገሥታትን መልክ የያዙ የ5 ብር የብር ገንዘቦች ወጥተዋል። እነዚህ ለገበያ አልተመቱምና በዚህ ሚዛን ቢመዘኑ ተገቢ ነው። ዛሬ ቪየና ጠገራውን ራሱን በፕሩፍ አሠራር ታስመታዋለች፤ ለዚያም እንዲሁ።

አስቸጋሪው ነገር ይህ ሚዛን ወደ አሮጌው ጠገራ ሲሻገር ነው። አንገት ላይ ለማንጠልጠል የተበሳው፥ ጆሮ የተበየደበት፥ ብርነቱን ለመፈተን የተጫረው ገንዘብ በሰብሳቢ ዘንድ የተበላሸ ነው፤ ስለዚህም ወደ አንጥረኛ ይሄዳል፥ ቀልጦም መስቀል ወይም አምባር ይሆናል። ሻጩ በአመድና በሎሚ ፈትጎ ያበራው ደግሞ የባሰ ጕዳት ደርሶበታል፤ ሰብሳቢው ስለ ጭረቱ ይንቀዋል፥ የባህል ተመራማሪውም በገጹ ላይ የነበረውን የእጅና የልብስ ጥላሸት አጥቶታል። በቤተ መዘክር መዝገብ ላይ «ማሪያ ቴሬዛ፥ 1780፥ ያረጀ» ብሎ ማለፍ ከዚህ ብዙ አይሻልም። ቀዳዳው ከንግሥቲቱ ራስ በላይ ነው ወይስ በንስሩ በኩል የተመረጠ? ያለቀው ትከሻዋ ነው ወይስ ጀርባው? በአንገት ጌጥ ላይ ሳለ ከደረት ጋር ሲፋተግ የኖረው ገጽና ወደ ውጭ የታየው ገጽ እኩል አያልቁም፤ ይህም በሚዛንና በማጉያ መስተዋት ሊመዘገብ የሚችል ነገር ነው።