ወርቅ ልትገዙ ነው? ካራቱንም ግራሙንም አጽፉ

ለሰርግ ወርቅ ፍለጋ ከሮቢት ወደ ቆቦ ወይ ወልድያ የምትሄዱ፣ ይቺን አንብባችሁ ሂዱ።

መጀመሪያ ካራት። 24 ንጹህ ነው። 21 ካራት 87.5 በመቶ፣ 18 ካራት ደግሞ 75 በመቶው ብቻ ወርቅ ነው፤ ቀሪው እንደ መዳብና ብር ያለ ቅልቅል ነው። ስለዚህ 10 ግራም ሀብል በ21 ዋጋ ገዝታችሁ 18 ሆኖ ቢገኝ፣ የ1.25 ግራም ንጹህ ወርቅ ብር በነጻ ሰጥታችኋል ማለት ነው። በአይን ደግሞ አይለይም። 875 ወይም 750 የሚል ማህተም ፈልጉ፤ ግን ማህተምም በሀሰት ይመታልና እሱን ብቻ አትመኑ።

ሚዛኑ ከዜሮ መነሳቱን እያያችሁ ይመዘን። ፈርጥ ካለው፣ ፈርጡ በወርቅ ዋጋ እንዳይታሰብባችሁ። የእጅ ዋጋም ለብቻው ይነገራችሁ፤ መልሳችሁ ስትሸጡ እሱን የሚከፍላችሁ የለም።

ዋናው ግን ደረሰኝ ነው። በአዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች ስለሚገዛው ዕቃ ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት አለው፤ ጉድለት ካገኘበት በ15 ቀን ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ ይችላል። ካራትና ግራም የሌለበት፣ «ወርቅ 1» ብቻ የሚል ደረሰኝ ይዞ መከራከር ግን ይከብዳል። ሻጩ ዘመድ ነው ብለን የምናፍረው እዚህ ላይ ነው። አትፈሩ፣ አጽፉ። እምቢ ካለ የወረዳው ንግድ ጽህፈት ቤት አቤት በሉ።