ስለ ዐፀደ ቤተ ክርስቲያን ታሪክ፤ በደብረ ታቦርና በደቡብ ጎንደር ደጋ

ከደብረ ታቦር ተነሥቶ ወደ እስቴ ወይም ወደ ጋይንት የሚሄድ መንገደኛ፥ የታረሰውን ሜዳና የተራቈተውን ተረተር እየተመለከተ ሲጓዝ፥ በየኰረብታው ራስ ላይ እንደ ጥቍር ቆብ የተደፋ የዛፍ ክምችት ያያል። ያ ስፍራ ደብር መሆኑን ማንም ሳይነግረው ያውቃል። ቀርቦ ቢገባበትም ወይራና ጽድ፥ ዝግባና ዋንዛ፥ ብሳናና ጥቍር እንጨት በአንድነት ቆመው ያገኛል፤ ከቅጽሩ ውጭ ግን አንዱን እንኳ ለማየት ብዙ መንገድ መሄድ ያስፈልገዋል። በደቡብ ጎንደር ከአንድ ሺህ የሚበልጥ እንዲህ ያለ ዐፀድ መኖሩ ከሰማይ በተነሣ ፎቶግራፍ ተቈጥሯል። ስፋታቸው በአማካይ አምስት ሄክታር ያህል ነው፤ ይህም በቀድሞው ልክ የአንድ ጋሻ መሬት ስምንተኛ እጅ መሆኑ ነው። እንግዲህ ይህ ዐፀድ እንዴት ተረፈ? ደግሞስ ተርፏል ለማለት እንችላለንን?

አስቀድሞ አንድ የተለመደ ስሕተት ከመንገዳችን እናንሣ። የኢትዮጵያ ምድር ከመቶ ዓመት በፊት ከመቶው 40 እጅ በደን የተሸፈነ ነበረ፥ በአንድ ትውልድ ዘመንም ጠፋ የሚል ቃል በንግግርም በመጽሐፍም ሲደጋገም ኖሯል። አሜሪካዊው የታሪክ ሊቅ ጄምስ ማካን በፈረንጆች አቈጣጠር በ1997 ባሳተመው ጽሑፍ የዚህን ቍጥር ምንጭ ቢመረምር፥ በልክ የተደገፈ መሠረት አላገኘለትም። ከዚያም በ2003 የታተመ ሌላ ምርምር በወሎ ከሐይቅና ከአርዲቦ ባሕር ግርጌ የተከማቸውን ደለል አውጥቶ፥ በውስጡ የተቀበረውን የአበባ ብናኝ እያየ የሦስት ሺህ ዓመት ታሪክ አነበበ። በዚያም አገር የደን ምንጣሮ ከሁለት ሺህ ዓመት በፊት የጀመረ እንደ ሆነ፥ በመካከለኛውም ዘመን ጽድና ወይራ ተመልሰው በዝተው እንደ ነበሩ ታወቀ። ስለዚህ የደጋው ደን አንድ ጊዜ ብቻ የጠፋ አይደለም፤ ሄዶ የተመለሰበት ዘመን አለ። ለመመለስ ግን ዘር የሚያቀብለው እናት ዛፍ በአቅራቢያው ሊቆይለት ይገባል። የዐፀዱም ነገር ከዚህ ላይ ይነሣል።

ደብረ ታቦር ራስዋ የእንጨትን ነገር በብርቱ የምታስተምር ከተማ ናት። በየጁ መሳፍንት ዘመን ራስ ጉግሣ ካቀኗት ጀምሮ የጦር ሠራዊትና የመኳንንት መቀመጫ ነበረች። ሠራዊት በሰፈረበት አገር ለማገዶና ለድንኳን ካስማ፥ ለቤትና ለአጥር የሚፈጀው እንጨት ስንት እንደ ሆነ ለማሰብ አይከብድም፤ የነገሥታቱ ከተማ ከስፍራ ወደ ስፍራ የሚዛወረውም በከፊል እንጨት እያለቀ ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ ደግሞ በአጠገብዋ በጋፋት ጠበብቱን ሰብስበው መድፍ ሲያስቀልጡ፥ ያ ምድጃ ያለ ከሰል የሚነድ አልነበረም። በመጨረሻም በጥቅምት 1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ ሲሄዱ ከተማዪቱን አቃጠሏት። ይህ ሁሉ ባለፈበት ምድር ላይ ያረጀ ወይራ በደብር ዙሪያ ቆሞ መገኘቱ በውነት የሚያስደንቅ ነው።

ስለ ምን ቆመ ቢባል መልሱ ከሕጉና ከአገልግሎቱ ዘንድ ነው። በቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ አርባ ክንድ ያህል ምድር የተቀደሰ ነው የሚለው ትውፊት በካህናቱም በሕዝቡም የታወቀ ነው። ዛፉ የመቅደሱ መጐናጸፊያ ነው፤ ያለ ዛፍ የቆመ ቤተ ክርስቲያን ልብሱን እንደ ተገፈፈ ሰው ይቈጠራል። በዚህም ላይ አገልግሎቱ ሁሉ ከዛፉ ጋራ የተሳሰረ ነው። ከበሮው ከዋንዛ ይፈለፈላል፤ የብራናው መጽሐፍ ገበታ ከዋንዛ ወይም ከወይራ ይጠረባል፤ መቋሚያው፥ መነኵሴው የሚደገፍበትም በትር፥ የቆሎ ተማሪው የሚጠለልበትም ጎጆ ከዚያው ነው። በዚሁ አገር የተነሡት አለቃ ገብረ ሐና የተክሌን አቋቋም የቀመሩት በጣና ዳር የሸምበቆውን መወዛወዝ ተመልክተው ነው ይባላል። ወሬው ቢጋነንም፥ ዝማሜው ከነፋስና ከተክል የተማረ መሆኑን ደብረ ታቦር ሄዶ ማሕሌት የቆመ ሁሉ በቀላሉ ያምናል።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ሁሉ የሕዝብ ሀብት እንዲሆን ሲታወጅ፥ ቤተ ክርስቲያን ርስትና ጕልትዋን አጣች። ከዚያ ወዲህ እርሻው እስከ ዐፀዱ ጠርዝ ድረስ ደረሰ። ይህን በዓይን ለማየት የሚያስችል ምስክር ካልታሰበ ስፍራ መጣ። ጣልያኖች አገራችንን በወረሩበት ዘመን ለጦርና ለካርታ ሥራ ከአውሮፕላን ያነሡት ፎቶግራፍ ብዙ ዘመን ተረስቶ ኖሮ፥ በአዲስ አበባ በካርታ ሥራ ድርጅት ቤት ተገኘ። ጠላት ለክፋት ያነሣው ሥዕል ለበጎ ዋለ ማለት ነው። የአሜሪካ መምህራን የደቡብ ጎንደርን ዐፀዶች በ1938 ከተነሣው ጋር አስተያይተው በ2017 እንዳሳተሙት፥ አብዛኛዎቹ ዐፀዶች በስፍራቸው ጸንተው ቆይተዋል። የጠፋው በዙሪያቸው የነበረው ቍጥቋጦ ነው። ቀድሞ በእርሻውና በዐፀዱ መካከል አጋምና ቀጋ የመሰለው ቍጥቋጦ ቆሞ ነፋሱንም ከብቱንም ይመክት ነበር፤ ዛሬ ማረሻው የወይራውን ሥር ይነካል። በጥቂቶቹም ዘንድ የባሕር ዛፍ ገብቶ፥ ከሩቅ ሲያዩት ደኑ የሰፋ ያስመስለዋል።

ይህን ጉዳይ ከሁሉ አስቀድመው በሥርዐት የመረመሩት የደን ሊቁ ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ ናቸው። በ2002 በስዊድን አገር የጻፉት የማስተርስ ጽሑፍ የደቡብ ጎንደርን አብያተ ክርስቲያናት የተመለከተ ነበር፤ በ2007 ደግሞ በሆላንድ በዋገኒንገን ዩኒቨርሲቲ ለዶክትሬት ያቀረቡት ድርሳን ስለ ቤተ ክርስቲያን ደን መመለስ ነው። ከባሕር ጠለል በላይ ከ1816 እስከ 3111 ሜትር ባለው ከፍታ ሃያ ስምንት ዐፀዶችን መርጠው ዛፉን አንድ በአንድ ቈጠሩ። በደራ ወረዳ ያለው የገላውዴዎስ ዐፀድ ከእነዚህ ሁሉ ሰፊው ሲሆን 100 ሄክታር ያህላል፤ ትንሹ ሁለት ሄክታር እንኳ አይሞላም። በጠቅላላው 168 ዓይነት ዛፍ፥ ቍጥቋጦና ሐረግ ተገኘ፤ ከዚህም ውስጥ 160ው አገር በቀል ነው።

ቍጥሩ ደስ ያሰኛል። ነገር ግን ሊቁ አፈሩን ቈፍረው፥ ውኃ እያጠጡ ምን እንደሚበቅል ቢጠባበቁ፥ የበቀለው አብዛኛው ሣርና አረም ሆነ፤ የትልልቆቹ ዛፎች ዘር ከአፈሩ ውስጥ እምብዛም አልተገኘም። ወይራውና ጥቍር እንጨቱ ዘራቸውን ለዘለቄታ በምድር የሚያኖሩ አይደሉም፤ ወዲያው ይበቅላል፥ ወይም ይበሰብሳል፥ ወይም ይበላል። እንግዲህ አንድ ዐፀድ ዛሬ ቢቈረጥ፥ ነገ ተጸጽተን ስፍራውን ብናጥር እንኳ፥ ምድሪቱ ከራስዋ ጓዳ አውጥታ የምትሰጠን የለም። ጋኑ ባዶ ነው።

ቀጥለው ጽድን፥ ወይራን፥ ጥቍር እንጨትንና ሎልን ይዘው፥ ከደኑ ውስጥ ጀምሮ እስከ ተራቈተው ምድር ድረስ ዘሩንም ችግኙንም ፈተኑ። ከፊሉን ከከብት አጠሩት፥ ከፊሉን ክፍት ተዉት። ክፍት የተተወው ችግኝ በከብት ተረግጦና ተበልቶ አለቀ ቢባል ብዙም ማጋነን አይሆንም። ሲመረምሩት ኖረው ያገኙት ትልቁ ጠላት መጥረቢያ አይደለም። ሕዝቡ መጥረቢያን በግዝት ፈርቶ ይተወዋል፤ ላምን ግን ማንም አልገዘታትም። የካህናቱ በቅሎ፥ ለክብረ በዓል የመጣው ሰው አህያ፥ የጎረቤቱም በሬ በበጋ ጥላና ሣር ሲሻ ከዐፀዱ ይገባል፤ ይህን እንደ ኀጢአት የሚቈጥረው የለም። ስለዚህ ያረጁት ዛፎች በክብር ቆመው ሳሉ ከሥራቸው ልጅ የላቸውም። ከውጭ ሲታይ ደን ነው፤ ከውስጡ ሲገቡበት የሽማግሌዎች ጉባኤ ነው። ከላይ ተርፏልን ብለን መጠየቃችን ስለዚህ ነው።

ዶክተር ዓለማየሁ በሜክሲኮ በተደረገ የሊቃውንት ጉባኤ ላይ ስለ እነዚህ ዐፀዶች ሲናገሩ፥ ከሰሚዎቹ አንዲቱ ማርጋሬት ሎውማን የተባሉ አሜሪካዊት የደን ሊቅ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ በአንድነት ሆነው ከካህናቱ ጋር መከሩ፤ ሐሳቡም በዐፀዱ ዙሪያ የድንጋይ ካብ ማቆም ሆነ። ይህ ነገር በመጽሐፍ የማይገኝ ጥበብ አለበት። ድንጋዩ የሚመጣው ከገበሬው እርሻ ነው። ገበሬው ማረሻውን የሚሰብርበትን ድንጋይ ለቅሞ ለደብሩ ያመጣል፤ እርሻው ይጸዳለታል፥ ካቡም ይቆማል። የውጭ ገንዘብ ለመሣሪያው፥ ለበሩና ለግንበኛው ይረዳል እንጂ ሥራው የምእመናኑ ነው። ካቡን ከዛፉ ጠርዝ ፈቀቅ አድርገው የሠሩ ደብሮች አሉ፤ በመካከሉ ባዶ የተተወው ምድር ችግኝ ያበቅል ዘንድ ነው። በ2017 የታተመ ሌላ ጥናት ካብ ያላቸውንና የሌላቸውን አስተያይቶ፥ ካቡ በተለይ ለትንንሾቹ ዐፀዶች ችግኝ እንደሚበጅ መስክሯል።

የባሕር ዛፍ ነገር ግን በካብ የሚከለከል አይደለም፤ ተክለን የምናስገባው እኛው ነንና። በዐፄ ምኒልክ ዘመን በ1880ዎቹ ወደ አገራችን መጥቶ፥ በቶሎ ስለሚያድግና ገንዘብ ስለሚያመጣ ወደ ደብሩ ዘለቀ። ለቆርቆሮ ክዳንና ለካህናት ድርጎ የሚሆን ገቢ ሌላ ከየት ይምጣ የሚል አስተዳዳሪ ሁሉ አጥፊ ነው ለማለት አንደፍርም፤ ርስቱ ከተወሰደ ወዲህ ደብሩ የሚኖርበት ሀብት ጠቦታል። ይሁን እንጂ የባሕር ዛፉ ከዐፀዱ ውጭ ለብቻው ሊተከል ሲችል፥ ወይራው በወደቀበት በዚያው ስፍራ ማቆም ምን ማለት ነው? የሰበካ ጉባኤው በሒሳብ መዝገቡ የባሕር ዛፉን ዋጋ ይጽፋል፤ ያረጀው ጥቍር እንጨት ግን በመዝገቡ የለም።

ርብና ጉማራ ከጉና ወርደው ወደ ጣና ሲገቡ በክረምት ምን ያህል አፈር ተሸክመው እንደሚያልፉ የፎገራ ሰው ያውቃል። በዚያው ወራት፥ ከብት ባልገባባቸው ዐፀዶች፥ የጥቍር እንጨቱ ፍሬ ከእናቱ ሥር ወድቆ ይበቅላል። ችግኙ ሁለትና ሦስት ቅጠል ያለው ሆኖ እስከ መስቀል ይታያል፤ ከዚያ በኋላ በጋው ይገባል፥ የዐፀዱንም በር ቍልፍ የያዘው ገበዙ ነው።