ከሦስተኛው ዓምድ በኋላ

አማኑኤል ከተማ ውስጥ ሠላሳ ሁለት ዓመት ታሪክ አስተምሬያለሁ። ጡረታ ስወጣ ወደ ቤቴ ይዤ የገባሁት የድሮ የስም መጥሪያ ደብተሮቼን ነው። ሽፋናቸው ተቦጫጭቋል፤ ጥቂቶቹን የክረምት ፍሳሽ ነክቷቸዋል። ጽሑፉ ግን ዛሬም ይነበባል። በመጀመሪያው ዓምድ የተማሪው ስም፣ በሁለተኛው የአባቱ፣ በሦስተኛው የአያቱ።

ባለፈው ክረምት ደብተሮቹን ከአሮጌው ወደ አዲሱ በተራ ስገልጥ አንድ ስም ዓይኔን ያዘው፤ ተሰማ። በቀደሙት ደብተሮች ውስጥ ተሰማ የሚባሉት ልጆች ናቸው፤ ስማቸው ሲጠራ ከወንበራቸው ተነሥተው «አቤት» የሚሉ። ዓመታት ካለፉ በኋላ ስሙ ወደ ሁለተኛው ዓምድ ተሻግሯል፤ ተሰማ አሁን ጋቢውን ደርቦ ልጁን ሊያስመዘግብ የሚመጣ አባት ነው። በመጨረሻዎቹ ደብተሮች ውስጥ ሦስተኛው ዓምድ ላይ ነው የማገኘው፤ አያት ሆኗል። ከሦስተኛው ዓምድ ወዲያ መስመር የለም፤ ወረቀቱ እዚያ ያልቃል።

ተሰማ የአባቴ ስም ነው። አያቴ ሁለት ልጆች ቀብረው ለአማኑኤል ተስለው የወለዷቸው ስለሆኑ ጸሎቴ ተሰማ ብለው ጠሯቸው። በየወሩ በ28 የአማኑኤል ዕለት ሲደርስ አያቴ ስለታቸውን ሳያነሡ አይውሉም ነበር። ስሙ እናት ለአምላኳ የመለሰችው ምስጋና ነው። በኦሪትም እንዲሁ ነው፤ ልያ ሁለተኛ ልጇን ስምዖን ያለችው እግዚአብሔር ሰማኝ ብላ ነው፤ እስማኤልም ትርጉሙ እግዚአብሔር ይሰማል ነው። በእኛው ወረዳ በማቻከል ውስጥ ያለች እናት ያንኑ ነገር በራሷ ቋንቋ ስትናገር ተሰማ ትላለች።

ስለዚህ ስም እንድጽፍ ያነሣሣኝ የወንድሜ ልጅ ነው። ሃንጋሪ አገር ይማራል። ገና እንደሄደ ስሙ በአንዱ ወረቀት ላይ ወዲህ፣ በሌላው ላይ ወዲያ ተገለባብጦ ስለተጻፈ ከቢሮ ቢሮ ሲመላለስ ሰነበተ። ሃንጋሪዎች ከሌሎች አውሮፓውያን የሚለዩበት ልማድ አላቸው፤ የቤተሰብ ስም ይቀድማል፣ የሰውየው ስም ይከተላል። የልጁ ፓስፖርት ላይ በመጨረሻ የተጻፈው የአያቱ ስም ስለሆነ እሱን የቤተሰብ ስም አድርገው ፊት ላይ አወጡት። አንድ ቀን ማታ ደወለና «ጋሼ፣ እዚህ ሁሉም ሰው ተሰማ እያለ ነው የሚጠራኝ» አለኝ። የሞቱትን አባቴን ባሕር ማዶ ሰው የጠራቸው ያህል ደነገጥኩ። ቀጠለና «እነሱ የቤተሰባቸውን ስም ከቅድመ አያት ጀምሮ ይዘውታል። ከእኛ ተሰማ በፊት ማን ነበር?» ብሎ ጠየቀኝ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብዬ ቆጠርኩለት። አምስተኛው ላይ ቆምኩ። የነገሥታትን የትውልድ ሐረግ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ስስል የኖርኩ ሰው የራሴን ከአምስት ማሳለፍ አቃተኝ።

ሃንጋሪ ውስጥ አንድ ስም እንዴት እንደሚኖር ለማወቅ ፑሽካሽ የሚለውን መመልከት ይበቃል። ቃሉ የመጣው ጠመንጃ ከሚለው ነው፤ ጠመንጃ ያዥ እንደ ማለት። ፑሽካሽ ቲቫዳር በ19ኛው መቶ ዘመን ከኤዲሰን ጋር የሠራ የስልክ ፈልሳፊ ነበር፤ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1893 በቡዳፔስት ዜናን በስልክ ሽቦ ወደየቤቱ የሚያሰማ አገልግሎት ጀመረ። ፑሽካሽ ፌሬንጽ ደግሞ ስመ ጥሩው እግር ኳሰኛ ነው፤ በዚያው አቆጣጠር በ1953 እንግሊዝን በዌምብሌይ 6 ለ 3 ያሸነፈው ቡድን አምበል። ሁለቱን ከስም በቀር የሚያገናኛቸው ነገር የለም። የእግር ኳሰኛው ቤተሰብ ቀድሞ ፑርጼልድ በሚል የጀርመን ስም ይጠራ ነበር፤ ፑሽካሽ ያሉት በዚያው አቆጣጠር በ1937 ነው። የቤተሰብ ስም እንደ ቤት ግድግዳ ጸንቶ ይቆማል፤ በውስጡ የሚኖሩት ሰዎች ግን ላይዛመዱ ይችላሉ።

እኛ ዘንድ ተሰማ የሚለውን ስም የያዙትም እንዲሁ በሥጋ አይዛመዱም። ከጎጃም ልጀምር። ደጃዝማች ጎሹ ዘውዴ በኅዳር 1845 ጉር አምባ ላይ ከደጃች ካሣ፣ ከኋላው አፄ ቴዎድሮስ ጋር ተዋግተው ወደቁ። ልጃቸው ደጃዝማች ተሰማ ጎሹ ናቸው። የተሰማ ልጅ አዳል ተሰማ ራስ ሆነው ጎጃምን ገዙ፤ በጥር 1873 አፄ ዮሐንስ የጎጃምና የካፋ ንጉሥ አድርገው ሲያነግሷቸው ስማቸው ተክለ ሃይማኖት ተባለ። መንቆረር ይባል የነበረውን ከተማ ደብረ ማርቆስ ያሰኙት እሳቸው ናቸው። ልጃቸው በታሪክ የሚታወቁት ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት ተብለው ነው። ጎሹ ዘውዴ፣ ተሰማ ጎሹ፣ አዳል ተሰማ፣ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት፤ በአራት ትውልድ አራት የአባት ስም። የአንድ ቤት ሰዎች መሆናቸውን ሳይነግሩት በስማቸው ብቻ ማን ይገምታል? ከደብረ ማርቆስ ሃያ ምናምን ኪሎ ሜትር ርቀን የምንኖር እኛ እንኳ ተሰማ የሚለውን ስም ከንጉሡ ጋር አያይዘን አናነሣውም። የንግሥና ስሙ ሸፍኖታል።

በሸዋ በኩል ራስ ቢትወደድ ተሰማ ናደው አሉ። ኢሉባቦርን ገዙ፤ በ1890 ጦራቸው እስከ ነጭ ዓባይ ደረሰ፤ ምኒልክ በታመሙ ጊዜ የልጅ ኢያሱ ሞግዚትና የመንግሥቱ እንደራሴ ሆነው እስከ ሞቱበት እስከ ሚያዝያ 1903 ድረስ የአገሩን ሸክም ተሸከሙ። ከነፃነት በኋላ ጎጃምን ያስተዳደሩት ደጃዝማች ከበደ ተሰማ የሌላ ተሰማ ልጅ ናቸው፤ በ1962 ያሳተሙት «የታሪክ ማስታወሻ» ለእኔ ዘመን የታሪክ መምህራን ከእጅ የማይለይ መጽሐፍ ነበር። ተሰማ ሀብተ ሚካኤል ደግሞ በ1951 ያወጡትን የአማርኛ መዝገበ ቃላት «ከሣቴ ብርሃን ተሰማ» ብለው በራሳቸው ስም ሰየሙት። የአንድ ሰው ስም በመጽሐፍ ርእስ ላይ ሆኖ እስከ ዛሬ ይጠራል።

ከሁሉም ግን ወደ ልቤ የሚቀርቡት ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ናቸው። ምኒልክ የመኪና ሥራ እንዲማሩ ወደ ጀርመን ላኳቸው፤ እዚያ ሳሉ ዘፈናቸውን በሸክላ ቀረጹ። ከአገራችን ድምፅ መጀመሪያ ሸክላ ላይ ከሰፈሩት አንዱ የእሳቸው ነው። ተሰማ የተባለ ሰው ድምፁ ከመቶ ዓመት በኋላም ይሰማል። ልጃቸው ይድነቃቸው ተሰማ መስከረም 1 ቀን 1914 በጅማ ተወለዱ፤ ለቅዱስ ጊዮርጊስ ብዙ ዓመት ተጫወቱ፤ ኢትዮጵያ ጥር 13 ቀን 1954 ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካን ዋንጫ ስታነሣ አሠልጣኟ ነበሩ። ከ1964 እስከ ሞቱበት እስከ 1979 የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆነው የዘር መድልዎ የነገሠባት ደቡብ አፍሪካ ከማኅበሩ ውጭ እንድትቆይ ታገሉ። ልጃቸው ታደለ ይድነቃቸው ይባላሉ። በሁለት ትውልድ ውስጥ ተሰማ ወደ ሦስተኛው ዓምድ ተሻገረ። በእኔ ደብተር ያየሁት ነገር በታላላቆቹም ቤት ያው ነው።

ታዲያ እኛ የቤተሰብ ስም ለምን አላበጀንም? ብዙ ሰው የመጻፍ ልማድ ስላልነበረን ነው ይላል። እኔ የሚታየኝ ሌላ ነው። ጎጃም የርስት አገር ነበር። ርስት የሚገኘው በአባትም በእናትም ነበር። አንድ ሰው መሬት ለመካፈል ሲነሣ ትውልዱን እስከ ዋናው አባት ድረስ ቆጥሮ በዳኛና በሽማግሌ ፊት ያስረዳ ነበር፤ በአባቱ በኩል እዚህ፣ በእናቱ እናት በኩል ደግሞ ወንዝ ማዶ። አለን ሆብን የተባለው አሜሪካዊ አጥኚ ደጋ ዳሞት ተቀምጦ ይህንን አጥንቶ በ1973 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መጽሐፍ አሳትሟል። አባት ለልጅ ብቻ እያወረደ የሚሄድ ስም የእናትን መስመር ይደፍናል። የእናቱን መስመር የደፈነ ጎጃሜ ደግሞ የርስቱን ግማሽ በገዛ እጁ ዘጋ ማለት ነው። ስለዚህ ሰዉ ስሙን አጭር፣ ቆጠራውን ረጅም አድርጎ ኖረ። ጋብቻም ሰባት ቤት የሚያስቆጥር ስለሆነ ሰው ልጁን ከመዳሩ በፊት ሐረጉን ማወቅ ነበረበት። ስማችንን በሁለት ቃል የምናሳጥረው ቀሪውን በቃላችን ስለምንይዝ ነበር።

ሕግ አውጪዎች ይህንን ሊለውጡ ሞክረው ነበር። ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ረኔ ዳቪድ ያረቀቀው የ1952 የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 32 ማንኛውም ሰው የቤተ ዘመድ ስም እንዲኖረው ደንግጓል፤ በአስተዳደር ጽሑፍ ላይም የቤተ ዘመዱ ስም እንዲቀድም፣ የሰውየው ስም እንዲከተል፣ የአባቱ ስም መጨረሻ ላይ እንዲመጣ። ልክ እንደ ሃንጋሪዎች። ሕጉ በመስከረም 1953 ሥራ ላይ ዋለ፤ ልደት፣ ጋብቻና ሞት የሚመዘገብበት የክብር መዝገቡ ክፍል ግን በነጋሪት ጋዜጣ እስኪታወጅ ድረስ እንዲቆይ ተደረገ፤ ቆይቶም ቀረ። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የጀመረው ሐምሌ 30 ቀን 2008 ነው። ቅጹ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም ይላል። ሕዝቡ ልማዱን አልለቀቀም፤ ቅጹ ራሱ ወደ ሕዝቡ መጣ።

እኔ በዚህ ደስ ይለኛል። አባቴ የራሳቸው ሰው ናቸው፤ እናታቸው ስለት የገቡባቸው፣ ስማቸው የእሳቸው ብቻ የሆነ። እናቴም አባቴን አግብታ የአባቷን ስም አልጣለችም። ነገር ግን ስሙን አጭር ያደረግነው ቆጠራው እንዳለ አምነን ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሲሆን የርስት ሙግት አበቃ። ብዙ ጭሰኛ ከጭንቅ ወጣ፣ ብዙ የወንድማማች ደም ቀረ፤ መልካም ነው። ከሙግቱ ጋር ግን የቆጠራው ትምህርት አብሮ ሄደ። አሁን ስማችን አጭር ነው፤ ረጅሙ ቆጠራም የለም።

ከስልኩ በኋላ ባለው ሳምንት ገጠር ያሉትን የአባቴን እኅት ልጠይቅ ሄድኩ። አክስቴ ከደጃፋቸው ተቀምጠው በሰፌድ ሽንብራ ይለቅማሉ። የመጣሁበትን ስነግራቸው ልጅ ሳሉ አባታቸው ለርስት ክርክር ሲሄዱ ስንቅ ይዘው ይከተሏቸው እንደነበር አወሩኝ፤ ቆጠራውን የሰሙት ከዛፍ ሥር፣ ከዳኛ ፊት ነው። ከሰፌዱ አንድ ፍሬ በጣታቸው ወደ ጠርዙ ገፉ። «ይህ አባትህ።» ሌላ ገፉ። በሦስተኛው ፍሬ ላይ ወደ ግራ ታጠፉና ሌላ መስመር ጀመሩ። እኔ የአባት አባት እያልኩ ወደ ላይ መጻፌን ስቀጥል እጄን ያዙ። «በእናቱም ቁጠር እንጂ ልጄ! ያ ማዶ ያለው መሬት በማን የመጣ ይመስልሃል?» አሉኝ። ሲጨርሱ ሰፌዱ ላይ ያለው ሽንብራ እንደ ዋርካ ቅርንጫፍ ተዘርግቷል፤ በአባቴ አባት ሰባት፣ በአባቴ እናት ዘጠኝ። እኔ ከአምስት በላይ ያላለፍኩበት ቆጠራ ይህ ነው።

ያልተጻፈባቸው ገጾች የቀሩትን አንድ የስም መጥሪያ ደብተር ይዤ ነበር የሄድኩት። ማስመሪያ አውጥቼ ከሦስተኛው ዓምድ ቀጥሎ አራተኛ፣ አምስተኛ፣ ስድስተኛ እያልኩ አሰመርኩ፤ ገጹ ሲያልቅ ወደ ጎረቤቱ ገጽ ተሻገርኩ። ጽፌ ስጨርስ እንዳልሳሳት ስሞቹን ጮክ ብዬ ጠራሁ። አክስቴ ለእያንዳንዱ ስም የት እንደተቀበረ ነገሩኝ፤ የሁለቱን መቃብር አላወቁም፤ ዓምዱን ክፍት ተውኩት።

የገጾቹን ፎቶ ለወንድሜ ልጅ ልኬለታለሁ። ፎቶ ግን ቆጠራ አይሆንም። ለእረፍት ሲመጣ ከዚያው ደጃፍ ይዤው እሄዳለሁ፤ አክስቴ በሕይወት ሳሉ፣ ሽንብራው ሰፌዱ ላይ ሳለ፣ በራሱ ጣት እየገፋ እንዲቆጥር።